ተርባይኑ እየዞረ መብራቱ ሲጠፋ፦ ስለ አረንጓዴ ኃይል የሚነገረውን በደብተርና በስሌት የመመርመሪያ መንገድ

በአዳማ የሚኖር ሰው ስለ አረንጓዴ ኃይል ለመነጋገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም፤ ከከተማው ወጣ ብለው ባሉት ኮረብታዎች ላይ ነጫጭ ተርባይኖች ሲዞሩ በየቀኑ ያያል። ያው ሰው ማታ ራት ሊቀርብ ሲል መብራት ይጠፋበታል። ባለፈው ዓመት በአንዱ ምሽት መብራት ጠፍቶ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆመን ሳለ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አዛውንት አገጫቸውን ወደ ኮረብታው ቀና አድርገው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ንፋሱ ቆሞ ይሆናላ» ስላቸው፣ «ንፋሱ ከቆመ ታዲያ ይህ ሁሉ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን ምሽት መልስ ስላጣሁ ነው። ሂሳብ የሚከፍል ሰው የኃይል ፖሊሲን መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነኝ። ችግሩ ጥርጣሬው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከተርባይኑ እስከ ምጣዱ ባለው ረጅም መንገድ የተበጠሰው የትኛው ክር እንደሆነ ሳይታወቅ ተርባይኑ ይወቀሳል፤ ወይም ተርባይኑ ስለዞረ ብቻ ፖሊሲው ይወደሳል። ሁለቱም ሳይመረመሩ የሚነገሩ ናቸው፤ ሁለቱንም ለመመርመር ደግሞ ደብተር፣ ስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ደብተር

ደብተሩን ቆጣሪው አጠገብ በሚስማር ይስቀሉት፤ መሳቢያ ውስጥ ከገባ በጨለማ አይገኝም። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ ንፋስ ወይም ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ማን እንደጠፋበት ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ግን የመረጃው ግማሽ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከራሴ ደብተር አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20 ጠፋ፣ 3፡05 መጣ። ማዶ ያሉት አላቸው። የወፍጮው ተርታ የለውም። ንፋስ አለ፣ ዝናብ የለም።» በዚህ መስመር ውስጥ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት የምሰጠው መልስ ግማሹ ነበር፤ ማንበብ የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ንባቡ እንደሚከተለው ነው። የጠፋው በእርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ ብሬከሩን፣ የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ሂሳብ ይመልከቱ፤ ጉዳዩ ከፖሊሲ ጋር አይገናኝም። ከጎረቤቶችዎ ገሚሱ ኖሯቸው ገሚሱ ካጡ፣ ወይም ወፍጮው እያጓራ አልነሳ ካለ፣ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዝ ከሚባሉት) አንዱ ጎድሏል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለ ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች በሙሉ ጠፍቶባቸው መንገድ ማዶ ያሉት ካላቸው፣ ችግሩ ያው ትራንስፎርመር ወይም ወደ እርሱ የሚገባው መስመር ነው። ብዙ ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ከጠፉ የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት የማከፋፈያ መስመሩን ወይም የማከፋፈያ ጣቢያውን ይጠርጥሩ። ሌላ ከተማ ላሉ ዘመዶችዎ ደውለው እነርሱም ጋ ጠፍቶ ከሆነ፣ ነገሩ የከፍተኛ ማስተላለፊያ መስመር ወይም የብሔራዊው ግሪድ፣ ማለትም አገሪቱን የሚያገናኘው የኃይል መረብ፣ ጉዳይ ይሆናል።

የኃይል ማመንጨት እጥረት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። እጥረት ሲኖር የኤሌክትሪክ ተቋሙ የሚመርጠው መንገድ ፈረቃ ነው፤ አንዱ ሰፈር በዚህ ሰዓት፣ ሌላው በዚያ ሰዓት፣ እየተዟዟረና አስቀድሞ እየተነገረ ይጠፋል። የደብተርዎ ገጽ ሥርዓት ያለው ዙር ካሳየ የማመንጫውን ፖሊሲ ለመውቀስ ምክንያት አለዎት። ገጹ የሚያሳየው ዝናብ በጣለ ወይም ሁሉም ሰው እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት የሚጠፋ መብራት ከሆነ ግን የተበጠሰው ክር ኮረብታው ላይ የለም፤ ያለው ሰፈር ውስጥ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። በትራንስፎርመሩ ገላ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ አቅሙን ይናገራል፤ ቆሞ ከታች ማንበብ እንጂ መጠጋትና መንካት ፈጽሞ አይገባም። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር (ለምጣድ ከ100 ኪሎ ዋት ጋር እኩል ሊቆጠር የሚችል) የሚል ከሆነና በሥሩ ካሉት ቤቶች ሠላሳዎቹ በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥዱ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ 105 ኪሎ ዋት ይሆናል። አቅሙ አልፏል፤ አምፖልና ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ እየወረደ ይሄዳል፤ አምፖሉ ይቀላል፣ ማቀዝቀዣው ይንቀጠቀጣል። ከህዳሴ ግድብ ምንም ያህል ኃይል ቢመጣ በዚያ ትራንስፎርመር በኩል ከአቅሙ በላይ ለረጅም ጊዜ ሊያልፍ አይችልም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሳ። በአዳማ ተርባይኖች የሚመረተው ኃይል ለአዳማ ተለይቶ የሚቀመጥ አይደለም። ወደ ብሔራዊው ግሪድ ገብቶ ከግቤና ከበለስ የውኃ ጣቢያዎች ኃይል ጋር ይቀላቀላል፤ ወደ እኛ ሰፈር የሚመለሰው በማስተላለፊያ፣ በማከፋፈያ ጣቢያና በትራንስፎርመር አልፎ ነው። ተርባይኑ ለእኛ ቅርብ መሆኑ ለዓይን እንጂ ለሽቦው ትርጉም የለውም። ቀድሞ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበረው ሥራም እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁለት ተከፍሏል፤ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆኗል። ሰዉ ግን ዛሬም ሁሉንም «መብራት ኃይል» ብሎ ስለሚጠራ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለማይመለከተው ነው።

ሜጋ ዋት ሲነገርዎት

ተጠራጣሪ ሰው ሊማረው የሚገባ አንድ ስሌት ቢኖር ይህ ነው፦ ሜጋ ዋት አቅም ነው፣ ሜጋ ዋት ሰዓት ደግሞ ምርት። ጎተራው ምን ያህል ይይዛል የሚለውና ዘንድሮ ምን ያህል እህል ገባ የሚለው እንደሚለያዩ ሁሉ እነዚህም ይለያያሉ፤ በምረቃ ቀን የሚነገረው ግን ጎተራው ነው።

አዳማ አንድ የተባለው የንፋስ ጣቢያ 34 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆኑ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ይዞ 153 ሜጋ ዋት ነው። ሁለቱ ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ ተርባይኖቹ አንድም ደቂቃ ሳያርፉ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ 1,787 ጊጋ ዋት ሰዓት (አንዱ ጊጋ ዋት ሰዓት አንድ ሺህ ሜጋ ዋት ሰዓት ነው) ባመረቱ ነበር። ንፋስ ግን እንዲህ አይነፍስም። በጥሩ ቦታ ላይ የተተከለ የንፋስ ጣቢያ ከዚህ አንድ ሦስተኛውን ካመረተ ደኅና ሠራ ይባላል፤ ያ ደግሞ ወደ 600 ጊጋ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ «204 ሜጋ ዋት አለን» ሲባሉ በሦስት አካፍለው አማካዩን ይያዙ፤ ከዚያ ወዲያ መከራከር ይቻላል።

የሚዞር ተርባይን ማየትም አያታልልዎ። ከንፋስ የሚገኘው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይያያዛል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በሰከንድ 12 ሜትር በሚነፍስ ንፋስ 1.5 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ተርባይን በ6 ሜትር ንፋስ ከ200 ኪሎ ዋት በታች ይሰጣል፤ ከታች ለሚያየው ሰው ግን ያው ይዞራል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቧራቸውን በማስረጃነት ሲያቀርቡ ያልቆጠሩት ይህን ነው።

ለፍትሕ ያህል ያንኑ መነጽር ወደ ግድቡም ማዞር ይገባል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሳያርፍ ቢሠራ 45,114 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆን ነበር፤ በዓመት ይጠበቃል የሚባለው ግን ወደ 15,700 ነው፤ እርሱም አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። «ንፋስ አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚል ተቺ ይህንንም አብሮ ካልተናገረ ቁጥሩን እየመረጠ ነው ማለት ነው። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው፦ የግድብ ውኃ ይጠብቃል፣ ንፋስ ግን አይጠብቅም። ኦፕሬተሩ ውኃውን ለማታው ሰዓት ሊያቆየው ይችላል፤ ንፋስን ማንም አያቆየውም።

ከዚህ ተነሥቶ ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ ኃይሉ የሚገኘው መቼ ነው? በአገራችን ኃይል በብዛት የሚፈለገው በምሽት ነው። የፀሐይ ጣቢያ ያን ጊዜ ተኝቷል። ንፋስ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። በወቅት በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በደጋማው አገራችንና በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ንፋስ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ ወራት፣ ማለትም የግድቦች ውኃ በሚቀንስበት ጊዜ ነው። ንፋሱ ሲነፍስ ውኃው ይቆጠባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ግድቡ ይሞላል። ይህ መደጋገፍ ሌሎች አገሮች በውድ ዋጋ የሚፈልጉት ነገር ነው። እኔ በጥርጣሬ የጀመርኩትን ምርመራ ያለዘበልኝ ይህ ነጥብ እንደሆነ አልደብቅም።

ሆኖም በአገራችን የኃይል ፖሊሲ ላይ ጠንካራው ትችት ከዚሁ ይነሣል። ከምናመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በግልገል ግቤ ሦስት የውኃ መጠን በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተነግሮ፣ አገሪቱ በሙሉ በፈረቃ ውስጥ ገባች፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ። ያን ጊዜ ደብተር ይዞ የነበረ ሰው እውነተኛ የማመንጨት እጥረት ምን እንደሚመስል በገጹ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ «አረንጓዴ ስለሆነ አይታመንም» ከማለት ይልቅ «ሁሉም በአንድ ዝናብ ላይ ስለተንጠለጠለ አይታመንም» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። በነገራችን ላይ የአዳማ ሰው ከመሬት በሚወጣው የቦኩ እንፋሎት ይታጠባል፤ ዝናብም ንፋስም የማይጠይቀው የከርሰ ምድር እንፋሎት ግን በአሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ጣቢያ አቅሙ ከ10 ሜጋ ዋት በታች ሆኖ ስንት ዓመት ቆየ። እዚህ ላይ ቢጠየቅ የሚያስመሰግን ጥያቄ አለ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወሬ

በስልካችን የሚደርሰን የአረንጓዴ ኃይል ወቀሳ አብዛኛው የተጻፈው ለሌላ አገር ግሪድ ነው። ሲደርስዎ ወዲያው አያስተላልፉት፤ በደብተሩ እንደተማሩት «መጀመሪያ የወደቀው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ብርድ ሚሊዮኖችን በጨለማ ሲያስቀምጥ የቀዘቀዙ ተርባይኖች ሥዕል ዓለምን ዞረ፤ ተርባይኖች መቆማቸው እውነት ነው፣ ነገር ግን ትልቁ ጉድለት የመጣው ከጋዝ ጣቢያዎችና ከጋዝ አቅርቦቱ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ፈረቃ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሕዝቡን ያስመረረው በአብዛኛው ያረጁ የከሰል ጣቢያዎች እየተበላሹ ነው።

በአንጻሩ ተቺዎቹ ሙሉ በሙሉ ያልተሳሳቱባቸው ጊዜያትም አሉ። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2016 ማዕበል የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጣለ፤ ከዚያ በኋላ ግን በርካታ የንፋስ ጣቢያዎች በመከላከያ መሣሪያቸው ቅንብር ምክንያት ራሳቸውን ስላቋረጡ ክልሉ በሙሉ ጨለመ። በስፔንና በፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 የደረሰው መጥፋት ደግሞ ኃይል አንሶ አልነበረም፤ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ንሮ ጣቢያዎች ተራ በተራ ስለተቆራረጡ ነው፤ ፀሐይና ንፋስ የበዛበት ግሪድ ቮልቴጁን ማን ይቆጣጠርለታል የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ በቁም ነገር ተነሥቷል። ይህ ጥያቄ ወደ እኛ ሲመጣ መልኩ ይቀየራል፦ የእኛ ግሪድ ቮልቴጅን ማረጋጋት በሚችሉ ከባድ የውኃ ተርባይኖች የተሞላ በመሆኑ በዚህ በኩል የተሻለ መሠረት አለው፤ የእኛ ቁስል የሳሳው ሽቦና የተጨናነቀው ትራንስፎርመር ነው።

ገንዘቡና መኪናው

የጣቢያዎች ብድር በአብዛኛው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ሂሳብ የምንከፍለው ግን በብር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የምንዛሬው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በዶላር ያልተነካ ዕዳ በብር ሲቆጠር በእጥፍ አካባቢ አደገ ማለት ነው። ስለዚህ «ንፋስ በነፃ ነው» ለሚል ሰው፣ ንፋሱ በነፃ ቢሆንም ተርባይኑ በዱቤ መሆኑን ያስታውሱት። የታሪፍ ማስተካከያ ሲወጣም ጭማሪው ለማመንጫ፣ ለማስተላለፊያና ለማከፋፈያ እንዴት እንደተደለደለ መጠየቅ ጭማሪውን ከመራገም ይሻላል።

ሌላው በቅርብ የሚነካን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በይፋ የተነገረው የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ከውጭ ማስገባት የሚከለክለው ውሳኔ ነው። ዓላማውን አልቃወምም፤ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ብዙ ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ 7 ኪሎ ዋት የሚወስድ ቻርጀር ማለት ለብዙ ሰዓታት ሳይነሡ የተጣዱ ሁለት ምጣዶች ማለት ነው። ከላይ በሠራነው ስሌት አቅሙ ባለፈው ትራንስፎርመር ላይ አምስት መኪና ይጨምሩና ውጤቱን ራስዎ ይዩት። በሰፈርዎ የኤሌክትሪክ መኪና መብዛት ሲጀምር የደብተሩ ጥቅም የሚጨምረውም ለዚህ ነው፤ መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረውንና ከመጡ በኋላ ያለውን ማነጻጸር የሚችለው የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

ለራስዎ ጣሪያ የሚገዙ ከሆነ

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልናገር። መብራት ሲያስመርረኝ አንድ ነጋዴ «ቤቱን በሙሉ ይይዛል» ብሎ የፀሐይ ፓነል ከአንድ ባትሪ ጋር ሸጠልኝ። እኔም ለመንግሥት ያለኝን ጥርጣሬ ለነጋዴው ሳላካፍል ገንዘቤን ቆጠርኩለት። ባትሪው 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነበር፤ ሲባዛ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ የሚሠራበት 0.6 ብቻ ነው። ይህ ለአራት አምፖሎች፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን አንድ ምሽት ይበቃል፤ ምጣድን ግን አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች የሚቀይረው ኢንቨርተር ከቻለው። በአሥር ደቂቃ ምጣዱ ራሱ ሰምቶ አያልቅም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዝተው፣ በሁለት ከፍለው፣ ማታ የሚያበሩትን ዕቃ ዋት በሰዓት አባዝተው ያነጻጽሩ። ሻጩ ይህን ስሌት ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ሊሠራልዎ ካልፈለገ ወደሌላው ሱቅ ይለፉ።

ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ

ሦስት ወር ያህል ከጻፉ በኋላ ገጾቹን በሦስት ይለዩ፦ የሰፈሩ ብቻ፣ የብዙ ሰፈር፣ የአገር አቀፍ። የሰፈሩ ከበዛ ማመልከቻው የሚገባው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ነው። በማመልከቻው ውስጥ ስለ ፖሊሲ አንድም ቃል አይጨምሩ፤ ትራንስፎርመሩ ያለበትን ቦታና በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አቅም፣ በሥሩ ያሉትን ቤቶችና ወፍጮዎች ብዛት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚጠፋና ቮልቴጁ ስንት ድረስ እንደሚወርድ ይግለጹ። ቮልቴጁን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢለካልዎ ይመረጣል። ጎረቤቶች ይፈርሙበት፤ መዝገብ ቤት ሲያስገቡም በቅጂዎ ላይ ቁጥርና ቀን ያስጽፉ። ምላሽ ከዘገየ ቀጣዩ ደረጃ ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ ቅጂው እዚያ ያስፈልግዎታል።

በደብተርዎ የበዛው ፈረቃና አገር አቀፍ መጥፋት ከሆነ ግን ጥያቄው የፖሊሲ ነው፤ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ይዘውት ይሂዱ። ያን ጊዜ ስንት ሜጋ ዋት ተገነባ ብለው አይጠይቁ፣ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። በድርቅ ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በእርግጠኝነት የሚገኘው ኃይል ስንት ነው፣ ከዚያስ ውስጥ ከውኃ ውጭ የሚመጣው ምን ያህል ነው ብለው ይጠይቁ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ይህን ጥያቄ በካርቶን ላይ አስጽፈው ከሞተሩ በላይ ለጥፈውታል፤ ከሥሩ ደግሞ በራሳቸው እጅ የትራንስፎርመሩን አቅም ጨምረውበታል።